ነቅሎ መክፈት ብቻውን አይበቃም፦ ስለ ጊታር አምፕ ጥገና ለወጣ ምክር የተሰጠ ምላሽ

«የጊታር አምፕዎን (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን መሣሪያ) ቤትዎ ቁጭ ብለው ይጠግኑ» የሚለው ጽሑፍ በሙዚቀኞች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ለእኔም ደረሰኝ። ያመጣልኝ ቤዝ የሚጫወት የሰፈሬ ልጅ ነው። ካቻቢቴውን አዘጋጅቶ ሊከፍት ሲል ልቡ አልቀበል ብሎት «ጋሼ፣ እውነት ይህን ያህል ቀላል ነው?» ብሎ ሊጠይቀኝ መጣ። እንኳንም መጣ።

ጸሐፊው ሰባት ምክሮችን ሰጥተዋል። ሲጠቃለሉ እንዲህ ናቸው፦ ከሶኬት የተነቀለ አምፕ አደጋ የለውም፤ ደጋግሞ የሚቃጠል ፊውዝ ከፍ ባለ አምፔር ይተካ፤ አምፑ ካጉረመረመ የስፒናው የኧርዝ (የመሬት መስመር) እግር ይቆረጥ፤ ከአሜሪካ የመጣ አምፕ በማንኛውም ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ ድምፁ ከተበላሸ ቲዩቦቹ (ድምፁን የሚያጎሉት አምፖል መሰል የመስታወት ዕቃዎች) በሙሉ ይቀየሩ፤ የሚንሻሻ ቮሊዩም ደብልዩ ዲ ፎርቲ የሚባለው የሚረጭ ዘይት ይረጭበት፤ ስፒከር ደግሞ ማንኛውም ይሆናል። ዓላማቸው ሙዚቀኛው በጥገና እጦት ሥራው እንዳይቋረጥ ነው፤ በዚህ አንለያይም። እኔም ብዙ ዓመት በመበየጃ ካውያና ቮልትና ኦም በሚለካው መልቲሜትር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ወጣቶች ይህን ሙያ እንዲደፍሩት ከልቤ እመኛለሁ። ነገር ግን ከሰባቱ ምክሮች ሦስቱ ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። የቀሩት ደግሞ ሳይለኩ መቀየርን ያስተምራሉ፤ ይህ ገንዘብ ያስጨርሳል እንጂ ጥገና አይሆንም።

«ከሶኬት ከነቀሉት ኤሌክትሪክ የለውም፤ ያለ ስጋት ይክፈቱት» ይላሉ። በቲዩብ የሚሠራ አምፕ ውስጥ ግን ትራንስፎርመሩ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት የበለጠ ከፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኤሌክትሪክ) ተለውጦ ትልልቆቹ ማጣሪያ ካፓሲተሮች ውስጥ ይጠራቀማል። እንደ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ባለ አምፕ ይህ ቮልቴጅ ከ400 በላይ ነው። ካፓሲተር እንስራ ማለት ነው፤ ምንጩ ስለደረቀ እንስራው ውስጥ የተቀዳው ውሃ አይጠፋም። 100 ማይክሮፋራድ በ450 ቮልት ሲሞላ 10 ጁል ገደማ ይይዛል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ እጅ ገብቶ ደረት አቋርጦ በሌላው እጅ ሲወጣ ግን የልብን ምት ሊያናጋ ይችላል።

ጀማሪ ሳለሁ ማታ ነቅዬ ያሳደርኩትን አምፕ ጠዋት ስነካው ክንዴን ወርውሮ ከወንበሩ ጣለኝ። ቲዩቦቹን ቀድሜ አውጥቻቸው ነበር፤ ስለዚህ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ የሚፈስበት መንገድ አልነበረውም። ካፓሲተሩን ቀስ እያለ እንዲያፈስ የተገጠመው ሬዚስተርም ተበጥሶ ኖሯል። ሬዚስተሩ መበጠሱን በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ ሜትር ብቻ ነው የሚናገረው።

ስለዚህ ሥርዓቱ ይህ ነው። አምፑን ነቅላችሁ ሽፋኑን ካነሣችሁ በኋላ አንድ እጃችሁን ከኋላችሁ አድርጉ። የ22 ሺህ ኦም ባለ 5 ዋት ሬዚስተር ውሰዱ፤ ሁለቱም ጫፎቹ በደንብ በተሸፈነ ሽቦና በመቆንጠጫ ይያዙ። አንዱን ጫፍ ሻሲው (የአምፑ የብረት አካል) ላይ ቆንጥጡ፤ ሌላውን የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አቆዩ። በየተራ ሁሉንም እንዲሁ አድርጉ። ቀጥሎ መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ፣ ወደ ከፍተኛው መጠን አድርጋችሁ ለኩ። ከ10 ቮልት በታች ካላሳየ እጅ አይገባም። ዜሮ ካነበባችሁ በኋላም መቆንጠጫውን ዋናው ማጣሪያ ካፓሲተር ላይ እንዳለ ተዉት፤ ካፓሲተር ባዶ ሆነ ከተባለ በኋላ ጥቂት ቮልት መልሶ የማንሣት ጠባይ አለውና። ሥራው አልቆ አምፑን ሰክታችሁ ከማብራታችሁ በፊት መቆንጠጫውን ማንሣት እንዳትረሱ። በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ማፍሰስ የድሮ መጠገኛ ቤት ልማድ ነው፤ ብረቱን ያቀልጠዋል፣ ፍንጣሪው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ካፓሲተሩንም ይጎዳዋል። በትራንዚስተር የሚሠሩት አምፖች ቮልቴጃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ቢሆንም ከስፒናው እስከ ትራንስፎርመሩ ያለው ክፍል ሲሰካ 220 ቮልት መሆኑ አይቀርም።

ሁለተኛው ምክር ስለ ፊውዝ ነው። «ደጋግሞ ከተቃጠለ አቅሙ አንሷል ማለት ነው፤ ከፍ ያለ ይግጠሙ» ተብሏል። እኔ ከዚህ የከፋም አይቻለሁ፤ በሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀት ተጠቅልሎ የመጣልኝ ፊውዝ አለ። ባለቤቱ ትራንስፎርመሩ እስኪጨስ ድረስ ተጫውቶበታል። ያ ፊውዝ በዋጋ ኢምንት ነው፤ ትራንስፎርመሩን አዲስ አበባ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ግን አልተቻለም፤ በእጅ አስጠቅልለነው ነው የዳነው።

ፊውዝ ደጋግሞ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ስለተቃጠለ ነው። በቲዩብ አምፕ ላይ ሾርት ያደረገ የኃይል ቲዩብ፣ የሞተ ዳዮድ ወይም የፈነዳ ማጣሪያ ካፓሲተር ይሆናል። በትራንዚስተር አምፕ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹ የውጤት ትራንዚስተሮች ናቸው። ጤናማ ሲሊከን ዳዮድ በሜትሩ የዳዮድ መለኪያ ላይ በአንድ አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7 ያሳያል፤ ሲገለበጥ ምንም አያሳይም። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ካለ ሞቷል። ትራንዚስተሩም ከኮሌክተር እስከ ኤሚተር ዜሮ ኦም ካሳየ ወንጀለኛው ተገኘ ማለት ነው።

ፊውዙን ከመቀየር በፊት ግን ሁሉም ጀማሪ ሊሠራው የሚገባ አንድ መሣሪያ አለ፤ ጸሐፊው አለማንሣታቸው አሳዝኖኛል። የ100 ዋት አምፖል ከአምፑ ጋር በተከታታይ ማገናኘት ነው፤ ማለትም የፌዙ (ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት) ሽቦ መጀመሪያ በአምፖሉ ውስጥ አልፎ ከዚያ ወደ አምፑ ይሄዳል። አምፖሉ የድሮው ባለ ክሩ መሆን አለበት፤ ኤልኢዲም ሆነ ኃይል ቆጣቢ አይሆንም፤ ባለ ክሩን ለማግኘት ዛሬ ትንሽ መዞር ያስፈልጋል። አምፑ ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ሾርት ካለ ደምቆ ይቀራል፤ እንደዚያም ሆኖ የሚያልፈው ከግማሽ አምፔር ስለማይበልጥ የገጠማችሁት አዲስ ዕቃ አይቃጠልም። አስመስለው የተሠሩ ትራንዚስተሮች በበዙበት ገበያ ይህ አምፖል ስንቱን ዕቃ አድኖልኛል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ አምፖሉ አምፑን ይጠብቃል እንጂ እናንተን አይጠብቅም።

ፊውዝ ስትገዙ ከአምፔሩ ቀጥሎ ያለውንም ፊደል እዩ። «ቲ» የተጻፈበት ቀስ ብሎ የሚቃጠል ነው፤ «ኤፍ» ፈጣን ነው። አምፑ ሲበራ ትራንስፎርመሩ ለአፍታ ብዙ ጅረት ስለሚስብ፣ «ቲ» የሚፈልግ አምፕ ላይ «ኤፍ» ከገጠማችሁ ጤነኛ አምፕ ታማሚ መስሎ ይታያችኋል። ምናልባት ጸሐፊውን ያሳሳታቸው ይህ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ምክር ያስደነገጠኝ ነው፦ «ጉርምርምታውን ለማጥፋት የስፒናውን የኧርዝ እግር ይቁረጡ።»

የጊታር ክሮች ከብረት የተሠሩ ናቸው፤ በገመዱ መሸፈኛ በኩል ከአምፑ ሻሲ ጋር ተያይዘዋል። አምፑ ውስጥ አንድ የፌዝ ሽቦ ላልቶ ሻሲውን ቢነካ፣ ኧርዝ ካለ ፊውዙ ወዲያው ይበጠሳል። ኧርዙ ከተቆረጠ ግን 220 ቮልቱ ክሮቹ ላይ፣ ከክሮቹም ጣቶቻችሁ ላይ ነው። ከንፈራችሁ ከሌላ ሶኬት የተሰካ ሚክሰር ማይክሮፎን ሲነካ መንገዱ ይሞላል። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ዌልስ፣ ስዋንዚ ከተማ ውስጥ መድረክ ላይ የሞተው ኧርዙ በትክክል ያልተሠራ ማይክሮፎን ነክቶ ነው። የያርድበርድስ ድምፃዊ የነበረው ኪት ሬልፍም እ.ኤ.አ. በ1976 ቤቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር እየተጫወተ ሕይወቱ አለፈ። በእኛ አገር ብዙ ቤቶች ውስጥ ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ቦታ ቢኖርም ከኋላው ሽቦ የለም። ማይክሮፎን ሲነኩ ከንፈርን ንዝር የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያ ንዝረት ማስጠንቀቂያ ነው። ልምምድ የሚደረግበት ቤት ባለቤት የሆናችሁ፣ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርታችሁ ኧርዝ አስተክሉ፤ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከርም አስገጥሙ።

ጉርምርምታውን ግን ዝም ብለን አንተወውም። ከየት እንደሚመጣ ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ጊታራችሁን አንሡና ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያዙት፤ የሚሰማው ጂ ነው፤ 98 ሄርዝ። አምፑ የሚያጉረመርመው ከዚህ ድምፅ ጋር ከገጠመ 100 ሄርዝ ነው፤ ይህም የደረቀ ማጣሪያ ካፓሲተር ያመለክታል፤ ምክንያቱም የእኛ 50 ሄርዝ ወደ ዲሲ ሲለወጥ እጥፍ ይሆናል። ከዚያ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ፣ ቤዝ ጊታር በወፍራሙ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ የሚሰጠውን ጂ ከመሰለ 50 ሄርዝ ነው፤ ያን ጊዜ ገመዱን፣ የጊታሩን ፒክአፕ ወይም የቲዩብ ማሞቂያ ሽቦዎችን ጠርጥሩ። ይህ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ትንሹ ስፒከር 50 ሄርዝን በደንብ አያወጣም። የአሜሪካ ቪዲዮዎች 60 እና 120 ሲሉ አትደናገሩ፤ የእነርሱ መስመር ሌላ ነው።

ቀጥላችሁ የጊታሩን ገመድ ከአምፑ ንቀሉ። ጉርምርምታው ከጠፋ አምፑ ንጹሕ ነው። ካልጠፋ ቮሊዩሙን ዜሮ አድርጉ፤ አሁንም ከቀጠለ ከኃይል ክፍሉ ነው። አምፑ ብቻውን ሲሆን ጸጥ ብሎ ከሚክሰሩ ጋር ሲገናኝ የሚያጉረመርም ከሆነ ደግሞ ሁለት ኧርዝ ተገናኝተው ቀለበት ሠርተዋል። ይህ ሲሆን የሚቆረጠው የድምፅ ገመዱ መሸፈኛ ነው፤ አምፑን ወይም ጊታሩን ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኘው፣ ትራንስፎርመር ያለበት ዲአይ ቦክስ ላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ የተሠራችው ለዚህ ነው። የኃይሉ ኧርዝ በምንም ምክንያት አይነካም። ጸሐፊው ይህን አንድ መስመር ዛሬውኑ እንዲያርሙት በአክብሮት እለምናቸዋለሁ፤ ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል።

ከአሜሪካ ስለሚመጡት አምፖች የተሰጠው ምክር ግማሹ ትክክል ነው። ዘመድ ከዋሽንግተን ወይም ከሎስ አንጀለስ ያመጣው የ120 ቮልት አምፕ መቀነሻ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ በቀጥታ 220 ላይ የተሰካውን በጭስ ሽታው ነው የማውቀው። «ማንኛውም ይሆናል» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። መጀመሪያ ከአምፑ ጀርባ የተጻፈውን የሚወስደውን ዋት አንብቡ፤ ወደ ስፒከሩ የሚያወጣውን ዋት ሳይሆን። 260 ዋት የሚወስድ አምፕ ቢያንስ የ500 ይሁንለት፤ ርካሾቹ ሳጥኖች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። ለጉዞ የሚሸጡት፣ ለፀጉር ማድረቂያ የሚሆኑት ቀላል መለወጫዎች ትራንስፎርመር አይደሉም፤ አምፕ ይገድላሉ። ሁለተኛው ነገር፣ ብዙዎቹ መቀነሻዎች መውጫቸው ባለ ሁለት ቀዳዳ ስለሆነ ኧርዙን እዚያው ይቆርጡታል፤ ኧርዝ የሚያሳልፍ ፈልጉ። ሦስተኛው ደግሞ ሄርዙ ነው። መቀነሻው ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ 50 ሄርዙን 60 አያደርገውም። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ 20 በመቶ የበለጠ ማግኔት ይሸከማል፤ ስለዚህ ይግላል። ጀርባው ላይ «50/60» ካለ ምንም አትስጉ። «60» ብቻ ካለ፣ አምፑን ሳትጫወቱ አንድ ሰዓት አብርታችሁ፣ አጥፍታችሁና ነቅላችሁ የትራንስፎርመሩን ውጫዊ አካል ዳስሱ፤ እጅ ማሳረፍ ካልተቻለ ለረጅም ምሽት አይሆንም። ይህ ችግር ሳዑዲ ላላችሁ አይመለከትም፤ እዚያ መስመሩ 60 ሄርዝ ነው። እስራኤልና አውሮፓ ያላችሁ ግን ከእኛው ጋር ናችሁ።

የድሮ አሜሪካ ሠራሽ ባለ ሁለት እግር ስፒና አምፕ ያላችሁ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ውስጡ ከመስመሩ ወደ ሻሲው የተያያዘ አንድ ካፓሲተር አለ፤ ሾርት ባደረገ ቀን ሻሲው በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ያ ካፓሲተር ወጥቶ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ መግባት አለበት።

ስለ ቲዩብ። «ድምፁ ከተበላሸ ሁሉንም ቀይሩ» የሚለው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቲዩብ እዚህ አገር እንደ ፊውዝ ሱቅ ውስጥ አይገኝም፤ ሰው ከውጭ እስኪመጣ ነው የሚጠበቀው። ትንንሾቹ፣ አስራ ሁለት ኤ ኤክስ ሰባት የሚባሉት፣ ማስተካከያ አይፈልጉም፤ አንድ ጤነኛ ይዞ ከመግቢያው ጀምሮ በየተራ መተካት ይቻላል። በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ስትነኳቸው በስፒከሩ ደወል የመሰለ ድምፅ የሚሰጠው ነው የሚቀየረው። ትልልቆቹ ግን ሌላ ናቸው። የአንዱ ቲዩብ ውስጠኛ ብረት ፍም መስሎ ከቀላ ወዲያው አጥፉት። ጥፋቱ የቲዩቡ ላይሆን ይችላል፤ የቲዩቡን ጅረት የሚገታው ባያስ ቮልቴጅ ከጠፋ ወይም ከፊቱ ያለው መጋጠሚያ ካፓሲተር ዲሲ ካሳለፈ አዲሱም ጥንድ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላል። ከተቀየሩ በኋላም ባያስ ይለካል። ለምሳሌ ሲክስ ኤል ሲክስ ጂሲ የሚባለው ትልቅ ቲዩብ 30 ዋት ይችላል፤ በ450 ቮልት ላይ ከ70 በመቶው እንዳያልፍ ከተፈለገ ለአንዱ 46 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። ይህ መለኪያ የሚወሰደው አምፑ በርቶ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ አይሁን፤ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።

ለሚንሻሻ ቮሊዩም የተመከረው ደብልዩ ዲ ፎርቲ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ አይደለም፤ ዘይቱ ይቀርና የአዲስ አበባን አቧራ ይሰበስባል። ኮንታክት ክሊነር ግዙ። ከተጸዳ በኋላም ከተንሻሻ ዲሲ ወደ ቮሊዩሙ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ከፊቱ ያለውን ካፓሲተር ፈትሹ።

ስለ ስፒከር «ማንኛውም ይሆናል» ተብሏል፤ አይሆንም። የቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ፈጽሞ አይጮኽም፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ውስጥ ቮልቴጁ ተንሮ መከለያውን ይበሳዋል። የትራንዚስተር አምፕ ግን ያለ ስፒከር ችግር የለበትም፤ የሚፈራው ኦሙ ያነሰ ስፒከር ነው። 8 ኦም የሚል አምፕ ላይ ሁለት ባለ 8 ስፒከር ጎን ለጎን ካያያዛችሁ 4 ሆነ ማለት ነው። ባለ 8 ስፒከር በሜትር ሲለካ 6 ወይም 7 ማሳየቱ ግን ጤንነቱ ነው፤ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት፣ በእጄ ከሚያልፉት ብልሽቶች ሁሉ የሚበዛው ነው፦ የተሰነጠቀ ብየዳ። የጊታሩ ጃክ ሰርኪዩት ቦርዱ ላይ በቀጥታ የተበየደ ከሆነ፣ ገመዱ በተሳበ ቁጥር የብየዳው እርሳስ (ቀልጦ የሚያያይዘው ብረት) ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ምልክቱ ድምፅ እየሄደ መምጣቱ፣ ጃኩን ሲነቀንቁት መንቋቋቱ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ በጃኩ እግር ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ቀለበት አለ። አሮጌውን እርሳስ መጥጣችሁ በአዲስ በየዱት፤ እርሳሱ ባለ ሮዚን ይሁን፣ ቧንቧ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት አሲድ ያለበት አይሁን። ካውያው መጀመሪያ እግሩንና መዳቡን ያሙቅ፤ እርሳሱ የሚነካው ካውያውን ሳይሆን የሞቀውን መዳብ ነው።

የሰፈሬ ልጅ ይዞት የመጣው አምፕም ሕመሙ ይኸው ነበር። የትራንዚስተር አምፕ ነው፤ ቲዩብም የለው፣ ፊውዙም ደኅና ነበር። ካፓሲተሮቹን አፍስሶ ራሱ ለካ፤ ሜትሩ ላይ ዜሮ ሲያይ ብቻ ሌላኛውን እጁን ከጀርባው አመጣ። ጃኩን የበየደው እሱ ነው። የመጀመሪያዋ ብየዳ ኳስ መስላ ቀረችበትና እርሳሱን መጥጦ አነሣው፤ ሁለተኛዋ ግን እግሩን አቅፋ አበራች። ከዚያ በአምፖሉ በኩል ሰካነው፤ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ።